መጨረሻችን የሰው ጨዋታ ይሁን

የተከበራችሁ የመንገድ ጓደኞቼ፣ እንግዶቻችን፣ በተለይም ልጆቻችሁን ለመፍቀድ እያመነታችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ከመስቀል አደባባይ ብዙም በማይርቀው በዚህ አዳራሽ የተሰበሰብነው፣ ከሐዋሳ የሚነሳው ቀጣዩ የብስክሌት ጉዟችን የት ይጠናቀቅ የሚለውን ለመወሰን ነው። አደባባዩ ላይ ሪባን ይቆረጥ፣ ማርሽ ባንድ ይጫወት፣ ሜዳሊያ ይታደል የሚል ሐሳብ ቀርቧል። እኔ እቃወማለሁ።

መንገዱ ራሱ ምን እንደሚያደርገን አስቡ። ሻሸመኔንና አርሲ ነገሌን አልፈን፣ ላንጋኖን በስተቀኝ ትተን ወደ ባቱ ስንወርድ፣ ሜዳው ላይ ነፋስ ከፊት ይገጥመናል። ያን ጊዜ ከፊቱ ካለው ብስክሌት የኋላ ጎማ ተጠግቶ የሚነዳ ሰው ጉልበቱን እስከ ሩብ ይቆጥባል፤ ስለዚህ መሪነቱ በየተራ ነው። የጊዮርጊስ ደጋፊ ለቡና ደጋፊ ነፋስ ሲከልልለት ያየሁት እዚያ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ አይታችሁ ከሆነ ንገሩኝ!

ከሞጆ በኋላ ፈጣን መንገዱ ለብስክሌት ስለማይፈቀድ በአሮጌው መንገድ ከደረቅ ወደቡ ከባድ መኪናዎች ጋር እንጋፋለን። ሐዋሳ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር አካባቢ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። ዳገቱ የሚጠብቀን እግራችን ከዛለ በኋላ ነው ማለት ነው። ለወላጆች የምለው፦ የራስ ቁር ያላደረገ ልጅ አይነሳም፤ አጃቢ መኪናም ከኋላ አይለይም።

የአዲስ አበባ ስታዲየም ለእድሳት ከመዘጋቱ በፊት ጉዟችንን የምናሰላው የሁለቱ የእግር ኳስ ቡድኖች፣ የጊዮርጊስና የቡና፣ ጨዋታ ሊጀመር ሲል እንድንደርስ ነበር። ብስክሌቶቻችንን የሚጠብቅልን አንድ የማሊያ ነጋዴ ነበር፤ አስቀድሞ የእያንዳንዳችንን ቡድን ይጠይቅና ዋጋውን በዚያ መሠረት ይቆርጣል። ከሐዋሳ ጀምሮ በአንድ መስመር የመጣን ሰዎች በር ላይ ተሰነባብተን ግማሻችን ወደዚህ፣ ግማሻችን ወደዚያ።

በስታዲየሙ የተመልካች መቀመጫዎች፣ ካታንጋም ሆነ ሚስማር ተራ፣ ማንም ከየት መጣችሁ ብሎ አልጠየቀንም። ላባችን ፊታችን ላይ ጨው ሆኖ ደርቆ ስንቀመጥ አንድ አዛውንት ዞር ብለው፣ «ቁጭ ብሎ ማየት እንዲህ ያደክማል እንዴ? ተነሡ፣ ዘምሩ!» አሉን። ቀጥለው በ1954 ዓ.ም. በዚያው ሜዳ ኢትዮጵያ የአፍሪካ ዋንጫን እንዴት እንዳነሳች፣ ግብፆችን በጭማሪ ሰዓት 4 ለ 2 እንዴት እንዳሸነፍናቸው ይተርኩልን ጀመር። የእኛ ኪሎ ሜትር ከእሳቸው ትርክት አጠገብ ምን ዋጋ አለው? ተረሳን፤ ደስ አለን። መንገድ ላይ ለቀናት ስለ ራሱ ጉልበትና ስለ ራሱ ሕመም ብቻ ሲያስብ የከረመ ሰው፣ ሲደርስ ለሌላ ሰው መጮኹ ያሳርፈዋል። ሪባን ግን እንደገና ራሱን እንዲያይ ያደርገዋል።

ለሜዳሊያ የምትሟገቱ ወጣቶች፣ ኢትዮጵያ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሎምፒክ ስትሳተፍ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞችም ነበሩን። እነ ገረመው ደንቦባ ሜዳሊያ ይዘው አልተመለሱም፤ ዛሬም ግን ስማቸውን እንጠራለን።

እንግዲህ ሐሳቤ ይህ ነው። ስድስት ኪሎ አጠገብ ባለው ጃንሜዳ የሰፈር ቡድኖች በሚጫወቱበት ቀን እንድረስ። ትልቅ ጨዋታ መሆን የለበትም፤ ዳኛና ሁለት ተቀናቃኝ ሰፈር ካለ ይበቃል። ከመስቀል አደባባይ በአራት ኪሎ በኩል እስከ ስድስት ኪሎ ዳገት ይጨመርብናል፣ አውቃለሁ፤ ከኋላ የሚያጉረመርሙትም ይሰሙኛል። ለባንዱ የታሰበው ገንዘብ ለትርፍ ጎማና ለአጃቢው መኪና ነዳጅ ይዋል። ድምፅ የሚሰጠው ከሻይ በኋላ ነው፤ ዳገቱን የምትቃወሙ ከሪባን የተሻለ ሌላ ሜዳ ይዛችሁ ኑ።

አመሰግናለሁ።