እርግብ ጊዜንና የምትጠብቀውን ሽልማት እንዴት ታስታውሳለች? የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እርግብ ምግብ የሚመጣበትን ጊዜ ታውቃለች ሲባል ሰምቻለሁ። በእርግጥ ጊዜ ትለካለች ወይስ ረሃቡ ነው የሚያንቀሳቅሳት?

መልስ፦ ትለካለች። በቤተ ሙከራ ሣጥን ውስጥ በብርሃን የሚበራ ቁልፍ አለ እንበል፤ እርግቧ በፈለገችው ሰዓት ብትነቁረውም፣ እህል የሚሰጣት ካለፈው ምግብ በኋላ 60 ሰከንድ ሞልቶ ስትነቁረው ብቻ ነው። ረሃብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ያለማቋረጥ ትነቁር ነበር፤ የለመደች እርግብ ግን በልታ እንደጨረሰች ቁልፉን ለጥቂት ጊዜ ትተወዋለች፣ ጊዜው እየቀረበ ሲሄድ ደግሞ ፍጥነቷን ትጨምራለች። ከዚህም የሚበልጥ ማስረጃ አለ። አልፎ አልፎ ምግቡ ጭራሽ ሳይሰጥ ሲቀር፣ ንቁሪያዋ ምግቡ ይመጣበት በነበረው ቅጽበት አካባቢ ጣሪያ ነክቶ ከዚያ በኋላ ይቀንሳል፤ ማለትም ጊዜው እንዳለፈ ታውቃለች።

ልኬቷ ግን ፍጹም አይደለም። ጆን ጊበን እ.ኤ.አ. በ1977 ባቀረበው ንድፈ ሐሳብ መሠረት ስሕተቱ ከሚለካው ጊዜ ርዝመት ጋር አብሮ ያድጋል፤ በ10 ሰከንድ ላይ 2 ሰከንድ ያህል የምትሳሳት ወፍ በ40 ሰከንድ ላይ ወደ 8 ሰከንድ ትሳሳታለች እንደ ማለት ነው።

ጥያቄ፦ የምትለካው ብርሃን መሃል ላይ ቢቋረጥስ?

መልስ፦ አይጥ ብዙውን ጊዜ ቆጠራዋን አቁማ ካቆመችበት ትቀጥላለች፤ እርግብ ግን ወደ ዜሮ ተመልሳ እንደ አዲስ መጀመር ይቀናታል። ውጤቱ በመቋረጡ ርዝመትና ሁኔታ ይለያያል።

ጥያቄ፦ አንድ ብርሃን ምን ያህል እንደቆየ ካየች በኋላ ትረሳዋለች?

መልስ፦ ትረሳዋለች፤ አረሳሷ ግን ወደ አንድ ወገን ያደላል። እርግቧ ብርሃኑ አጭር (ለምሳሌ 2 ሰከንድ) ከሆነ ቀዩን፣ ረጅም (ለምሳሌ 10 ሰከንድ) ከሆነ አረንጓዴውን ቁልፍ እንድትነቁር ትሠለጥናለች። ስፔችና ዊልኪ እ.ኤ.አ. በ1983 እንዳሳዩት፣ በብርሃኑ መጥፋትና በምርጫው መካከል ያለው መዘግየት ሲረዝም ረጅሙን «አጭር» ማለት ትጀምራለች፣ አጭሩን ግን በአብዛኛው አትስተውም። ይህ የሆነው በአእምሮዋ የተያዘው ቆይታ እየተኮማተረ ስለሚሄድ ነው የሚሉ አሉ። ቶማስ ዜንታልና ባልደረቦቹ ግን እርግቧ መዘግየቱን በሙከራዎች መካከል ካለው እረፍት ጋር እያምታታችው ነው ብለው ይከራከራሉ፤ ምንም ብርሃን ያላየች ከመሰላት ለዚህ የሚቀርበው መልስ «አጭር» ነውና። ሁለቱ ጊዜያት በመብራት ተለይተው እንዲታወቁ ሲደረግ አድልዎው ስለሚጠፋ፣ እኔም ወደ ዜንታል አደላለሁ።

ጥያቄ፦ የምትጠብቀውን የሽልማት ዓይነትስ ታስታውሳለች?

መልስ፦ ከጥያቄዎቹ ሁሉ የሚያስደስተኝ ይህ ነው። ጄንኪንስና ሙር እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጡት ጥናት፣ አንድ መብራት ከእህል፣ ሌላው ከውኃ ቀድሞ ሲበራ እርግቦቹ ሁለቱንም ቁልፎች ይነቁሩ ነበር፤ ሆኖም የእህሉን መብራት ምንቃራቸውን ከፍተው በአጭርና ኃይለኛ ምት፣ የውኃውን ደግሞ ምንቃራቸውን ገጥመው ቀስ ብለው፣ ልክ እንደሚጠጡ ሆነው ነበር የሚነኩት። ሊመጣ ያለው ነገር ከመምጣቱ በፊት በምንቃራቸው ላይ ይታይ ነበር ማለት ነው።

ይህ ለትውስታም ይጠቅማቸዋል። አንዱ ትክክለኛ ምርጫ ሁልጊዜ እህል፣ ሌላው ሁልጊዜ ውኃ የሚያስገኝ ከሆነ፣ እርግቦች ሽልማቱ ለሁለቱም አንድ ዓይነት ከሆነበት ሁኔታ ይልቅ ረዘም ላለ መዘግየት በትክክል ይመርጣሉ፤ በመዘግየቱ ውስጥ ያዩትን ብቻ ሳይሆን የሚጠብቁትንም ይዘው ስለሚቆዩ ነው። የማይክል ኮሎምቦ ቡድን በእርግብ አንጎል የፊት ክፍል የኋላ ጫፍ ያሉ ነርቭ ሕዋሳትን ሲመዘግብ፣ አንዳንዶቹ በመዘግየቱ ጊዜ የሚያሳዩት እንቅስቃሴ ከታየው ምስል ይልቅ ከሚጠበቀው ሽልማት ጋር እንደሚሄድ አግኝቷል። ስለዚህ በመዘግየት ጊዜ የሚነቃ ሕዋስ በታየ ቁጥር «ያየችውን እያስታወሰች ነው» ብሎ መደምደም አይቻልም፤ መጀመሪያ ሽልማቱን መለዋወጥና ሕዋሱ የትኛውን እንደሚከተል ማየት ያስፈልጋል።