ላይኛው ሰው ምን ደረሰው?

(ተራራ እየከለለ አፈርና ውሃ በሚጠብቀው ማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር፤ ደሴ)

እንደምን አደራችሁ?

ዱዓ ያደረጋችሁልን ሼሆች፣ የባረካችሁን ቀሳውስት፣ ከየቅሬው (ከየዕድሩ) የመጣችሁ ዳኞች፣ እናቶች፣ ወጣቶች፣ ባለሙያዎች፤ እንኳን በደህና መጣችሁ። ከደላንታና ከመቄት ሌሊት ተነስታችሁ የመጣችሁ አላችሁ። ድካማችሁን አላህ ይቁጠርላችሁ፤ እግዜር ይስጥልን።

ስለ ችግኝ ቁጥር አልናገርም። ሪፖርቱ እጃችሁ ላይ ነው።

ውሃ ከእኛ ተራራ ይነሳል፤ እኛ ዘንድ ግን አያድርም። የምዕራቡ በበሽሎ አድርጎ ዓባይ ይገባል። የላስታው የተከዜ ነው። የምሥራቁ በቦርከናና በሚሌ ወደ አዋሽ ይወርዳል። ክረምት አፈራችንን ተሸክሞ ይሄዳል። ግንቦት ሲደርስ እናቶቻችን ጄሪካን ይዘው ምንጭ ዳር ወረፋ ይጠብቃሉ። በልግ የከዳን ዓመትማ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ለዚህ ነው ተራራ የምንከልለው፣ እርከን የምንሠራው፣ ቦረቦሩን በክትር የምንይዘው። ባለሙያዎች አሁን «ተፈጥሮን መሠረት ያደረገ መፍትሔ» ይሉታል። ስሙ አዲስ ነው፤ ሥራውን ግን ወሎ ያውቀዋል። ከብት የወጣለት ተዳፋት ሣር ያበቅላል። ሣሩ ጎርፉን ያዘገየዋል። የዘገየ ውሃ ወደ መሬት ይሰርጋል፤ ቆይቶም ግርጌ ላይ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ሁሌም አይሆንም። ዓለቱም ዝናቡም ይወስናል። ውሃ የሚጠጣ ዛፍ አጠጋግተን ከተከልን ደግሞ ምንጩን ራሳችን እናደርቀዋለን። ስለዚህ መለካት አለብን። ከደሴ በስተደቡብ ማይባር ላይ ዝናቡን፣ ጎርፉንና የሚታጠበውን አፈር ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ሲለካ የኖረ የምርምር ጣቢያ አለ። ደጃችን ያለ እውቀት ነው፤ እንጠቀምበት።

እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከ1977ቱ ረሃብ ወዲህ ወሎ ውስጥ ለሥራው እህል እየተከፈለ ስንት እርከን ተሠራ፣ ስንት ተራራ ተከለለ! በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ብዙው ደን በአንድ ሰሞን ተቆረጠ። ብዙ እርከንም ፈረሰ። ታላላቆቻችን በዓይናቸው አይተውታል። የቆረጠው ከሌላ አገር የመጣ ሰው አልነበረም። ድንጋዩን ተሸክሞ እርከኑን የካበው ያው ገበሬ ነው። «የኔ ነው» የሚልበት ምክንያት ስላልነበረው ቆረጠው።

እኛስ? ከአራት ዓመት በፊት አንድ ተዳፋት ስንከልል ስብሰባ ጠርተን እጅ አስወጥተናል። እጅ ያወጡት አብዛኞቹ መሬት ያላቸው ወንዶች ነበሩ። መሬት የሌላቸው፣ አራት ፍየል ብቻ ያላቸው አንዲት እናት ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ዝም አሉ። እኛም ዝምታቸውን እንደ እሺታ ቆጠርነው።

ዘንድሮ ከግርጌ ያለው ምንጭ በረታ። ታች ያሉ ወንድሞቻችን ሽንኩርት በዓመት ሁለት ጊዜ ያነሳሉ። ደስ ብሎኛል፤ ከልቤ ነው። እኚያ እናት ግን ፍየሎቻቸውን ሸጠዋል። ለማገዶም ግማሽ ሰዓት የነበረው መንገዳቸው ሁለት ሰዓት ሆኗል። ይህን የነገሩኝ መስከረም ላይ ቤታቸው ሄጄ፣ ቡና እያፈሉልኝ ነው። ያ ቀን ከልቤ አልወጣም።

ከተከለለው ተዳፋት የምናጭደውንም ሣር ተመልከቱት። እስከ ዛሬ የምናካፍለው በከብት ቁጥር ነው። ሦስት በሬ ያለው ሦስት እጅ ይወስዳል። ከብት የሌለው ምንም አያገኝም። እርከን ሲሠራ ግን ጉልበት ያዋጣው እኩል ነው። ይህ ልክ አይደለም። በአባወራና በእማወራ እኩል ይካፈል፤ ከብት የሌለው ድርሻውን ይሽጥ። ታች በመስኖ የሚያመርተውም በየምርቱ ጥቂት ያዋጣ። የመስኖ ውሃ የሚያከፋፍሉት የውሃ አባቶች ይሰብስቡት፤ ገንዘቡም ላይኛው ተዳፋት ላይ ግጦሽ ለቀረባቸው ሰዎች ይዋል። መሬት የሌላቸው ወጣቶች በተከለለው ቦታ ቀፎ ይስቀሉ።

ምንጭ አናት ላይ ስለተተከለው ባህር ዛፍም ቅሬታ ደርሶኛል። ቅሬታው ትክክል ነው፤ ይነሳ። ነገር ግን ለድሃ ገበሬ ባህር ዛፍ ባንኩ ነው። ምትክ ሳንሰጠው «ንቀል» አንበለው።

አንድ ነገር ልጨምር። የደን አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የማኅበረሰብ ደንን በሕግ ያውቀዋል። የኛ ከለላ ግን እስከ አሁን በቃል ስምምነት ነው ያለው። ዘንድሮ በወረቀት ይሁን፤ ስማቸው የሚሰፍረውም የባሎች ብቻ አይሁን።

የመጀመሪያው አጀንዳ የሣሩ ክፍፍል ነው። እኚያ እናት ዛሬ እዚህ ናቸው፤ ከፊት ተቀምጠዋል። ቀድመው እንዲናገሩ ለምኛቸዋለሁ፤ እሺ ብለውኛል። እናታችን፣ ይምጡ፤ መድረኩ የእርስዎ ነው።