ዴቪ ክሮኬትና የመሬት ጥያቄው

ክቡራትና ክቡራን፣

የአሜሪካዊው የዴቪ ክሮኬት ስም ሲነሳ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ድብ አዳኙን ነው። እሱም በግለ ታሪኩ ዓመት ባልሞላ ጊዜ 105 ድብ መግደሉን ጽፏል፤ ማመን አለማመኑ የአድማጭ ፈንታ ነው። እኔ ዛሬ ላወሳ የምፈልገው የሕዝብ እንደራሴውን ክሮኬትን ነው፤ በተለይም ዕድሜውን ሙሉ ስላልለቀቀው የመሬት ጥያቄ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ክሮኬት በ1786 ዛሬ ምሥራቅ ቴነሲ በሚባለው አገር ተወለደ። አባቱ ጆን ዕዳ የማይለቀው ሰው ስለነበር፣ ልጁን ገና በ12 ዓመቱ ከብት ይዞ ወደ ቨርጂኒያ ለሚሄድ መንገደኛ ቀጥሮ ሰጠው። በኋላም ልጁ ከቤት ኮብልሎ ከሁለት ዓመት በላይ ቆይቶ ሲመለስ የጠበቀው ያው ዕዳ ነበር። 36 ዶላሩን ለመክፈል ስድስት ወር አገለገለ። ከዚያ ማንም ሳያዘው ሌላ ስድስት ወር ሠርቶ አባቱ ለሌላ ሰው የፈረመውን የ40 ዶላር የብድር ወረቀት ከአበዳሪው ተቀበለና ለአባቱ ሰጠው። አባትየው አበዳሪው ገንዘቡን ሊያስጠይቅ የላከበት መስሎት የምከፍለው የለኝም አለ፤ ዕዳው መከፈሉን ሲሰማ ግን አለቀሰ። ክሮኬት ኋላ ስለ ድሃ ሲናገር በወሬ የሰማውን አልነበረም።

በ1813 ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከክሪክ ሕዝብ ጋር በተደረገው ጦርነት ዘመተ። በክሪኮቹ መንደር በታሉሻቺ ከ40 በላይ ተዋጊዎች የተሸሸጉበት ቤት ከነሰዎቹ ተቃጠለ። በማግስቱ የተራቡት ወታደሮች ከቤቱ ሥር ድንች አገኙ፤ ድንቹ ከላይ በነደዱት ሰዎች ስብ የበሰለ ነበር፤ እነሱም በሉት። ይህን የነገረን ራሱ ክሮኬት ነው፣ ሳያለዝብ።

በ1821 ለቴነሲ ምክር ቤት ተመረጠ። በዚያው ዓመት ጎርፍ ወፍጮውንና የአረቄ ማውጫውን ጠራርጎ ስለወሰደበት ያለውን ለአበዳሪዎቹ አስረክቦ ወደ ምዕራብ ቴነሲ ተሰደደ። በዚያ ድሃው ጫካ መንጥሮ፣ ጎጆ ቀልሶ፣ በቆሎ ሲዘራ ከቆየ በኋላ፣ የይዞታ ወረቀት የገዛ ባለሀብት መጥቶ ሊያስነሳው ይችል ነበር። በ1827 ኮንግረስ የገባው ክሮኬት ለእነዚህ ሠፋሪዎች 160 ኤከር እንዲሰጣቸው ተሟገተ። የክፍለ ግዛቱ ባልደረባው ጄምስ ፖልክ ደግሞ መሬቱ ለቴነሲ ተላልፎ ሽያጩ ለትምህርት እንዲውል ይፈልግ ነበር። ክሮኬት በኮሌጅ የሚማረው የሀብታም ልጅ ነው፣ መሬቱን የሚያጣው ግን ድሃው ነው ብሎ ተቃወመ። ሐሳቡ ሲወድቅ ከፓርቲ ጓዶቹ ጋር ተኳረፈ፤ ለመስማማት የሚችል ሰው ቢሆን ኖሮ ጥቂት ነገር ባገኘ ነበር ብዬ አስባለሁ።

በ1830 ፕሬዚዳንት አንድሩ ጃክሰን ነባሮቹን ሕዝቦች ከሚሲሲፒ ወንዝ ማዶ ለማስፈር ያቀረበው ሕግ በ102 ለ97 ድምፅ አለፈ። ከቴነሲ እንደራሴዎች ተቃውሞ ድምፅ የሰጠው ክሮኬት ብቻ ነበር። በታሉሻቺ የዘመተው ሰው ይህን ማድረጉን ከሕይወቱ ሁሉ አስበልጬ አያለሁ። በማግስቱ ዓመት ወንበሩን አጣ፤ በ1833 መልሶ ያዘ። የጃክሰን ተቃዋሚዎችም ታዋቂነቱን ለራሳቸው ጥቅም እያዋሉ በምሥራቅ ከተሞች አዞሩት። በ1835 ግን አንድ እግሩ የእንጨት በነበረው በአዳም ሃንትስማን በ252 ድምፅ ተሸነፈ።

ወደ ቴክሳስ ያቀናውም መሬት ፍለጋ ነበር፤ ለልጁ በጻፈው ደብዳቤ የአገሩን ለምነት አወድሷል። በቴክሳሷ ከተማ በናኮግዶቸስ የታማኝነት ቃለ መሐላ ሲቀርብለት፣ ወደፊት ለሚቋቋም ለማንኛውም መንግሥት አልምልም ብሎ «ሪፐብሊካዊ» የሚል ቃል እስኪገባበት ድረስ አልፈረመም። ይሁን እንጂ ከሜክሲኮ ለመገንጠል ከተነሱት ሠፋሪዎች ብዙዎቹ ባሪያ አሳዳሪዎች ነበሩ፤ ሜክሲኮ ደግሞ ባርነትን በ1829 ከልክላለች። ክሮኬት ራሱም ባሪያዎች ነበሩት፤ ይህን ዘሎ እሱን ማወደስ አይቻልም።

መጋቢት 6 ቀን 1836 በቴክሳሱ የአላሞ ምሽግ ከሜክሲኮ ጦር ጋር በተደረገው ውጊያ ተገደለ። እየተዋጋ ነው ወይስ ተማርኮ የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልተቋጨም። ልጁ ጆን ዌስሊ ክሮኬት በ1837 ኮንግረስ ገብቶ የመሬቱን ጉዳይ አነሳ፤ ሕጉም በ1841 ጸደቀ።