በዓይን የማይለዩ ሁለት ጤፎች፦ ዝርያን በዘረመል ምልክት መለየት

[ምስል፦ ምሥራቅ ጎጃም፣ ቢቸና አካባቢ። መስከረም። ጎን ለጎን ሁለት የጤፍ ማሳ።]

ተራኪ፦ አንዱ ማሳ ቁንጮ የተባለው የታወቀ የጤፍ ዝርያ ነው። ሌላው አዲስ ስም ተሰጥቶት የአዳቃይ መብት የተጠየቀበት ነው። ቆመን ብናይ አይለዩም።

የዕፅዋት አዳቃዮች መብት አዋጅ ቁጥር 1068/2009 መብት የሚሰጠው አዲስ ለሆነ፣ ከሚታወቁት ለተለየ፣ ወጥ ለሆነና ጠባዩ ለማይለዋወጥ ዝርያ ነው። ልዩነቱ የሚመዘነው ማሳ ላይ ነው፦ ቁመት፣ የዘለላ ቅርጽ፣ የመድረሻ ጊዜ። የዘረመል ምልክት፣ ማለትም ዝርያዎች የሚለያዩበት የዲኤንኤ ቦታ፣ ይህን አይተካም፤ ከየትኛው ዝርያ ጎን ተዘርቶ ይመርመር የሚለውን ግን ይጠቁማል፤ የዘር ስርቆት ሲጠረጠርም ማስረጃ ሊሆን ይችላል።

[ምስል፦ በወረቀት ፖስታ ውስጥ ለጋ ቅጠል።]

ብዙ ሥራ የሚበላሸው ገና ናሙናው ሲወሰድ ነው። ሺህ የጤፍ ፍሬ ከግማሽ ግራም በታች ይመዝናል፤ በጆንያ ስፌት ውስጥ የቀረ ቁንጥር እንኳ ዘሩን ይደባልቃል። ስለዚህ ከ20 ተክል ለየብቻ ለጋ ቅጠል ይቆረጥ። አንድ ላይ ከተፈጨ ድብልቁ ተሸፍኖ ያልፋል። ቅጠሉ በወረቀት ሆኖ ከክብደቱ አሥር እጥፍ በሚሆን ሲሊካ ጄል ውስጥ ይድረቅ፤ እርጥቡን በፌስታል ካፈኑት ይሻግታል፣ ዲኤንኤውም ይቆራረጣል።

ቤተ ሙከራ ሲገባ ቅጠሉ ይፈጫል፤ ሲታብ (CTAB) በተባለ ዲኤንኤን ከሕዋስ በሚያወጣ መፍትሔ ውስጥ በ65 ዲግሪ ይሞቃል፤ በክሎሮፎርም ይጣራል፤ በቀዝቃዛ አይሶፕሮፓኖል ይዘቅጣል፤ በ70 በመቶ ኤታኖል ይታጠባል። ዝቃጩ ቡናማ ከሆነ ቅጠሉ አርጅቶ ሊሆን ይችላል፤ ፒሲአሩን (ዲኤንኤውን የሚያባዛውን ሂደት) ሊያከሽፍ ስለሚችል ይደገም።

[ምስል፦ የፒሲአር ማሽን፣ ቀጥሎ የባንዶች (በርዝመታቸው የተለዩ የዲኤንኤ መስመሮች) ምስል።]

ጤፍ 40 ክሮሞሶም አለው፤ ከሁለት የዘር ግንድ የመጣ ነው። አንድ ፕራይመር (የሚባዛውን ቦታ የሚይዝ አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ሁለቱንም ግንድ ሊይዝና ሁለት ባንድ ሊያሳይ ይችላል። ጀማሪ ይህን አይቶ «ዲቃላ ነው» ብሎ ይጽፋል። ራሱን የሚያዳቅል ሰብል ስለሆነ ይህ ፍርድ ይሳሳታል። ስለዚህ ለማነጻጸር በዚያው ዙር የታወቀ ቁንጮ አብሮ ይሂድ። በሁለትና በሦስት የዲኤንኤ ፊደል ብቻ የሚለያዩ ባንዶችም በተራ አጋሮስ ጄል አይለዩምና በካፒላሪ (በቀጭን ቱቦ በሚለይ መሣሪያ) ይነበቡ።

ስንት ምልክት ይበቃል? ቁንጮ የ«ዱከም» እና የ«ማኛ» ልጅ ነው። ወላጆቹ በሚለያዩበት ቦታ ላይ ከዚሁ ማዳቀል የወጣ ወንድም ዝርያ ከቁንጮ ጋር የሚገጥምበት ዕድል ግማሽ ነው። ተራርቀው የተመረጡ 10 ምልክቶች ሁሉም የሚገጥሙበት ዕድል ከ1,024 አንድ ነው። ወላጆቹ የማይለያዩበት ምልክት ግን መቶ ቢደረደርም ከንቱ ነው። ወደ ቁንጮ ሦስት ጊዜ ተመልሶ የተዳቀለ ዝርያ ደግሞ በአማካይ 94 በመቶ ያህሉ ቁንጮ ነው፤ እዚያ ላይ በሺህ የሚቆጠሩ ነጠላ የፊደል ልዩነቶች ይጠየቃሉ።

[ምስል፦ የታሸገ የዘር ከረጢት ከነመለያው።]

ማመልከቻው ሲገባ የተሰጠው ዘር ታሽጎ፣ ደርቆና ቀዝቅዞ ይቀመጥ። በኋላ የተጠረጠረው ጆንያ የሚነጻጸረው ከዚህ ከረጢት ጋር ነው፤ በገበያ ከተገዛ ቁንጮ ጋር አይደለም።