ያው ዜና፣ ሌላ ዋጋ

ጤና ይስጥልኝ፣ ውድ አድማጮቼ። ከዓመታት በፊት አንድ ኩባንያ የሩብ ዓመት ትርፉ ማደጉን ባስታወቀ በደቂቃዎች ውስጥ አክሲዮኑን ገዛሁ፤ ዋጋው ግን በዚያው ዕለት ዓይኔ እያየ ወረደ። ትርፉ በእርግጥ አድጎ ነበር። ገበያው ግን ከዚያ የላቀ ዕድገት ጠብቆ ዋጋውን አስቀድሞ አንሮት ስለነበር፣ ለእኔ የምሥራች የመሰለኝ ለሌሎች ቅሬታ ሆኖ ተነበበ።

ይህን ለመረዳት አሜሪካዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ዩጂን ፋማ በ1970 ያብራራው ሐሳብ በቂ መስሎኝ ነበር፤ ለሕዝብ ይፋ የሆነ መረጃ ሁሉ በዋጋው ውስጥ ይካተታል የሚለው ማለቴ ነው። (ዛሬ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን እምነቴን የሸረሸረው የአንድ አነስተኛ የአሜሪካ የባዮቴክኖሎጂ ኩባንያ፣ የኤንትሬሜድ ታሪክ ነው። ኩባንያው በአይጦች ላይ ተሞክሮ የካንሰር ዕጢን ያከሰመ ምርምር ባለመብት ነበር። ውጤቱ በኖቬምበር 1997 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታተመ፤ ኒውዮርክ ታይምስም በውስጥ ገጹ ዘገበው፤ የአክሲዮኑ ዋጋም ከፍ አለ፤ ጭማሪው ግን በኋላ ከመጣው ዝላይ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ከአምስት ወራት በኋላ፣ እሑድ ሜይ 3 ቀን 1998፣ ያው ጋዜጣ ያንኑ ጉዳይ በፊት ገጹ አወጣው። ዓርብ ዕለት በ12 ዶላር ገደማ የተዘጋው አክሲዮን ሰኞ ጠዋት በ85 ዶላር ተከፈተና ወደ 52 ዶላር ዝቅ ብሎ ዋለ።

ስለ ግኝቱ አዲስ የሚባል ነገር አልተጨመረም፤ የተለወጠው የአንባቢው ብዛትና የዜናው ቦታ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያስገርመኝ ግን፣ ውጤቱን ከኖቬምበር ጀምሮ ያውቅ የነበረ ሰው ሰኞ ጠዋት ቢገዛ እንኳ ሞኝ ነው ለማለት አለመቻሌ ነው፤ ምክንያቱም እርሱ የሚመዝነው መድኃኒቱን ሳይሆን፣ ዜናውን ገና ትናንት ያነበቡት ሰዎች ምን ያህል ሊከፍሉ እንደሚችሉ ነው።

የዚህ ተቃራኒም አለ፤ መረጃው ይፋ ሳይሆን ዋጋው የሚቀድምበት። ጃንዋሪ 28 ቀን 1986 ቻሌንጀር የተባለችው የጠፈር መንኮራኩር በተነሣች በ73 ሰከንድ ውስጥ ተበታተነች። መንስኤው በይፋ ባልታወቀበት በዚያው ዕለት፣ ጠጣር ነዳጅ የሚጠቀሙትን ሮኬቶች የሠራው የሞርተን ታዮኮል አክሲዮን ወደ 12 በመቶ ሲያሽቆለቁል፣ የመንኮራኩሯ ሌሎች ሦስት ታላላቅ ተቋራጮች አክሲዮን ቅናሽ 3 በመቶ አካባቢ ብቻ ነበር። መርማሪው ኮሚሽን ጥፋቱ የዚሁ ሮኬት መጋጠሚያ ማሸጊያ ቀለበት መሆኑን በሪፖርቱ ያሳወቀው በጁን ነው። ምናልባት የቀለበቱን ድክመት የሚያውቁ ጥቂት ሰዎች ሸጡ፣ ሌሎችም የሽያጩን አዝማሚያ አይተው ተከተሉ ይሆናል። እዚህ ላይ ግን ራሴን እገታለሁ፦ ጥፋተኛው ከሌሎቹ ሦስቱ አንዱ ሆኖ ቢገኝ ኖሮ፣ የዚያን ዕለት ዋጋ የገበያ ድንጋጤ ብለን እናልፈው ነበር እንጂ የገበያው አስተዋይነት ማስረጃ አድርገን አንጠቅሰውም ነበር።