ወግ አጥባቂ ሰው ሊበርታሪያን መሆን ይችላል?

[ምስል፦ ፖሊሶች የውስኪ በርሜል ሲደፉ የሚያሳይ ጥቁርና ነጭ ፎቶ]

አሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1920 እስከ 1933 አልኮል መጥመቅና መሸጥን በሕገ መንግሥቷ ከልክላ ነበር። የሚገርመው፣ መጠጣቱ ራሱ ወንጀል አልነበረም። እና ምን ሆነ? መጠጡ ጓዳ ገባ። እንደ አል ካፖን ያሉ የወንበዴ አለቆች ከበሩ።

አሁን ሁለት ሰዎችን አስቡ። አንዱ “መጠጥ ነውር ነው፣ ቤቴ አይገባም” ይላል። ሌላው “መጠጥ ነውር ነው፣ ስለዚህ የሚሸጠው ይታሰር” ይላል። ሁለቱም ወግ አጥባቂ ናቸው። ሊበርታሪያን፣ ማለትም መንግሥት በሰው ኑሮ በጉልበት እንዳይገባ የሚፈልግ ሰው፣ መሆን የሚችለው ግን የመጀመሪያው ብቻ ነው።

ምክንያቱም ሊበርታሪያኒዝም እንዴት እንኑር የሚለውን አይመልስም። የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ እዚህ ጉዳይ ውስጥ ፖሊስ ምን አገባው?

[ምስል፦ የናሽናል ሪቪው የድሮ ሽፋኖች]

ወግ አጥባቂነትንና ሊበርታሪያኒዝምን ለማስታረቅ ብዙ የደከመው አሜሪካዊው ጸሐፊ ፍራንክ ማየር ነው። ኮሚኒስት ነበር፤ ኋላ ላይ የወግ አጥባቂዎቹ መጽሔት የናሽናል ሪቪው አዘጋጅ ሆነ። ክርክሩ ባጭሩ፦ ተገዶ የተደረገ በጎነት በጎነት አይደለም። በእኛው አነጋገር፣ እስር ፈርቶ ከሥጋ የተከለከለ ሰው ጾመ ይባላል?

ኢኮኖሚስቱ ፍሬድሪክ ሃይክ ግን አልተዋጠለትም። እ.ኤ.አ. በ1960 “ወግ አጥባቂ ያልሆንኩት ለምንድን ነው” ብሎ ጻፈ። ወግ አጥባቂው ዓላማው ትክክል እስከመሰለው ድረስ ጉልበት መጠቀምን አይጠላም ባይ ነው። እውነቱን ለመናገር፣ ምርጫ ሲደርስ የሃይክ ስጋት ብዙ ጊዜ ልክ ሆኖ አይቼዋለሁ።

ፅንስ ማስወረድ ላይ ሲደርስ ደግሞ ሊበርታሪያኖች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። ሊበርታሪያኑ የአሜሪካ ፖለቲከኛ ሮን ፖል የማህፀን ሐኪም ነበር። መንግሥት በአደንዛዥ ዕፅ ላይ የከፈተውን ዘመቻ እየተቃወመ ማስወረድንም ይቃወማል። ለሱ ፅንሱ ሰው ነው፤ ሰውን መጠበቅ ደግሞ የሕግ ሥራ ነው። ሌላው ሊበርታሪያን የሴቷ ሰውነት የራሷ ነው ይላል። መርሁ አንድ፣ መልሱ ሁለት።

[ምስል፦ የአሚሽ ቤተሰብ በፈረስ ጋሪ]

ለእኔ ትልቁ ፈተና ግን ልጆች ናቸው። አሚሽ የሚባሉት ክርስቲያኖች ኑሯቸው እጅግ ጥብቅ ነው፤ ጎረቤታቸው እንደነሱ እንዲኖር ግን ሕግ ይውጣልን አይሉም። በአሜሪካዋ ዊስኮንሲን ግዛት ሦስት የአሚሽ አባቶች ልጆቻቸውን ከ8ኛ ክፍል በኋላ አናስተምርም ብለው እያንዳንዳቸው 5 ዶላር ተቀጡ። እ.ኤ.አ. በ1972 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ለአባቶቹ ፈረደ። ሊበርታሪያኑም ወግ አጥባቂውም የሚደሰትበት ፍርድ ነው።

ዳኛው ዊልያም ዳግላስ ግን በከፊል ተለየ። ልጆቹስ ተጠይቀዋል? አለ። ከልጆቹ መካከል ፍርድ ቤት ቀርባ ሐሳቧን የተናገረችው አንዷ ብቻ ነበረች።

ወላጅ ከመንግሥት ነፃ ሲወጣ ልጁ ከማን ነፃ ይወጣል? ሊበርታሪያኖች ለአዋቂ ጥሩ መልስ አላቸው። ለ14 ዓመት ልጅ የሚሰጡት መልስ ግን እስካሁን አላረካኝም።