ከጦርነት የመጣ የበራሪ ሳጥን፦ ደብዳቤው ያልተናገረውን ዕቃው ሲናገር

[ምስል፦ ያረጀ የቆርቆሮ ሳጥን ሲከፈት]

እንዴት ናችሁ ቤተሰብ፣ ዛሬ ሳጥን ነው የምንከፍተው። በ2ኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ 8ኛ አየር ኃይል ልጆች እንግሊዝ አገር ሰፍረው ጀርመን ላይ ቦምብ ሲጥሉ ለቤተሰብ የጻፉት ደብዳቤ፣ ይዘው የተመለሱት ዕቃ፣ አሜሪካ ውስጥ ስንቱ ቤት እስከዛሬ ተቀምጦ አለ።

ደብዳቤዎቹን መጀመሪያ ስታነቡ ግር ይላችኋል። ልጁ ገና 20 ዓመቱ ነው፣ ከ7 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ በሚደርስ ብርድ፣ ከታች እየተተኮሰበት ነው የሚውለው፣ ለእናቱ የሚጽፍላት ግን ዝናቡ አላቆም አለ፣ ምግቡ ደህና ነው፣ ካልሲ ላኪልኝ።

ለምን? አንደኛ ሳንሱር አለ። የተራ ወታደሩን ደብዳቤ የራሱ ክፍል መኮንን ያነበዋል፣ የቦታ ስም ካለ፣ የት በረርን ካለ በምላጭ ቆርጦ ያወጣዋል፣ ስለዚህ አናቱ ላይ «እንግሊዝ አገር የሆነ ቦታ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ሁለተኛው ደግሞ ለእኛ ማስረዳት አያስፈልግም፣ እናቱን ማን ያስጨንቃል?

[ምስል፦ የእጅ መዳፍ የምታክል ደብዳቤ]

ይቺ ትንሿ ቪ-ሜይል ትባላለች፣ እ.ኤ.አ. በ1942 ነው የተጀመረችው። ልጁ አንድ ገጽ ፎርም ላይ ይጽፋል፣ ገጹ በ16 ሚሊሜትር ፊልም ፎቶ ይነሳል፣ ባሕር የሚሻገረው ፊልሙ ብቻ ነው፣ እዛ ሲደርስ ተመልሶ ወረቀት ላይ ይታተማል። 150 ሺህ ደብዳቤ 37 ጆንያ ይሞላ የነበረው በዚህ መንገድ በ1 ጆንያ አለቀ። እናት ግን የልጇን ጽሑፍ በጣም አንሶ፣ አንዳንዴ በማጉያ መነጽር ነው የምታነበው።

አሁን ወደ ዕቃዎቹ፣ እኔ በጣም የምወደው ክፍል ይሄ ነው።

[ምስል፦ በፕላስተር የተያያዙ የገንዘብ ኖቶች]

ይሄ ሾርት ስኖርተር ነው። አብረው የበረሩ ሰዎች ብር ላይ ይፈራረሙና በየደረሱበት አገር የዛን አገር ኖት እየጨመሩ ይቀጥሉታል፣ መጠጥ ቤት አሳየን ሲባል ያልያዘ ሰው ለሁሉም ይጋብዛል። ግን ልብ በሉ፣ የብራዚል፣ የምዕራብ አፍሪካ፣ የሞሮኮ ኖት በተርታ ካገኛችሁ ልጁ በደቡቡ መንገድ አትላንቲክን ዞሮ እንግሊዝ እንደገባ ትደርሱበታላችሁ። ሳንሱሩ ከደብዳቤው ላይ የቆረጠው መንገድ ብሩ ላይ ቁጭ ብሏል ማለት ነው!

የሐር ወይም የሬዮን (ሐር የሚመስል ሰው ሠራሽ ጨርቅ) ካርታ ካገኛችሁ ደግሞ አውሮፕላኑ ቢመታና ጠላት መሬት ላይ ቢወድቅ እንዲያመልጥበት የተሰጠው ነው። ጨርቅ የሆነው ሲታጠፍ ድምፅ ስለማያሰማ፣ ውሃ ቢነካውም ስለማይቀደድ ነው።

ትንሽ የወርቅ አባጨጓሬ ፒን ካለችስ? ቀስ ብላችሁ አንሷት። የኢርቪን ፓራሹት ኩባንያ ፓራሹቱ ነፍሱን ላተረፈለት ሰው የሚሰጣት ናት፣ አባጨጓሬ የሆነችውም ያኔ ፓራሹት ይሠራበት የነበረውን ሐር የምትፈትለው የሐር ትል ስለሆነች ነው። እንግዲህ «ሁሉም ሰላም ነው» የሚል ደብዳቤ አጠገብ ይቺ ፒን ከተቀመጠች ያ ልጅ ከሚወድቅ አውሮፕላን ዘሏል።

በ1943 የአንድ ቦምብ ጣይ በራሪ ግዴታ 25 በረራ ነበር፣ በኋላ 30፣ ከዛ 35 ሆነ። 25 ትንሽ ይመስላል አይደል፣ ግን 8ኛ አየር ኃይል ብቻውን ከ26 ሺህ በላይ ሰው ሞቶበታል።

ላልተመለሱት ሳጥኑ አሜሪካ ውስጥ ባለችው ካንሳስ ሲቲ በኩል ነበር የሚያልፈው። እዛ የሟች ወታደሮችን ዕቃ የሚያጣራ ቢሮ ነበር፣ ሠራተኞቹ ደም ካለ ያጸዳሉ፣ ቤተሰብን የሚጎዳ ነገር ካለ ያወጣሉ፣ ከዛ ነው ለቤተሰብ የሚላከው።

[ምስል፦ የፖስታ ክምር፣ በርሚንግሃም]

ከቤት ወደ ወታደሩ ሲላክ የነበረው ደብዳቤስ? በ1945 በሜጀር ቻሪቲ አዳምስ የሚመሩ 855 ገደማ ጥቁር አሜሪካዊያት ሴቶች፣ 6888ኛው ሻለቃ ይባላሉ፣ እንግሊዝ አገር በርሚንግሃም ከተማ ገብተው መጋዘን ሙሉ የተከመረ ፖስታ 6 ወር ይፈጃል የተባለውን በ3 ወር ጨረሱት። ስም የሚመሳሰል ወታደር ብዙ ስለነበር 7 ሚሊዮን ገደማ ካርድ አዘጋጅተው ነበር የሚለዩት። ባለቤቱ መሞቱ ከታወቀ ፖስታው ለላኪው ይመለሳል፣ ስለዚህ አንዳንዱ ሳጥን ግርጌ ሳይከፈት የተመለሰ ፖስታ አለ፣ ላዩ ላይ ያለው የእናትየው የእጅ ጽሑፍ ነው።